ለእግሩ ጠንካራ፣ ለላዩ ቀላል፤ ከሁሉ በፊት ደረቅ



እንደምታውቁት ማኅበራችን ያረጁትን አግዳሚ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች በአዲስ ለመተካት ከአባላት መዋጮ በመሰብሰብ ላይ ነው። መዋጮው ገና አልሞላም፤ ክርክሩ ግን ከሞላ ቆይቷል። ቡና በተጠራራንበትም ሆነ ለቅሶ ቤት በተቀመጥንበት ስናዳምጥ ነዋሪው በሁለት ወገን ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «ጠንካራ እንጨት ካልሆነ ገንዘባችንን ምስጥ በላው ማለት ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ለስላሳው ምን ሆነና? ዋጋው ይቀንሳል፤ ለመሸከምም ይቀላል» ባይ ነው። ይህን ሰሌዳ የምናዘጋጅ አባላትም ጉዳዩ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከመቅረቡ በፊት ያለንን አስተያየት እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ነገሩ የማኅበሩ ወንበር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። ብዙዎቻችን አልጋም ሆነ ቁም ሣጥን የምንገዛው በዕድሜያችን አንዴ ወይ ሁለቴ ነው፤ ዕቁብ ሲደርስ፣ ልጅ ሲዳር፣ አዲስ ቤት ሲገባ። ስንት ወር የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ቀን ፈርኒቸር ቤት ገብቶ ይቀራል። ዕቃው በሁለተኛው ዓመት እግሩ ቢወላገድ፣ በሩ አልዘጋ ቢል፣ ያ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ለማኅበሩ ወንበር የምንመርጥበት መንገድ ለየቤታችንም ዕቃ የምንመርጥበት መንገድ ነው።

ስሙ ያሳሳታል

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በእንጨት ንግድ ዓለም «ለስላሳ» እና «ጠንካራ» የሚባለው ክፍፍል ስለ ዛፉ ዘር እንጂ ስለ እንጨቱ ብርታት አይናገርም። የጥድና የዝግባ ወገን የሆኑት ሁሉ «ለስላሳ» ይባላሉ። ቅጠለ ሰፊ የሆኑት፣ እነ ዋንዛ፣ እነ ወይራ፣ እነ ቀረሮ፣ ባሕር ዛፍም ጭምር፣ «ጠንካራ» ይባላሉ። ይህን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ግን ብዙ ይሳሳታል።

የሐበሻ ጥድን እንውሰድ። በዘሩ «ለስላሳ» ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ለአጥር ምሰሶና ለቤተ ክርስቲያን ማገር የመረጡት እሱን ነው፤ ልቡ ምስጥንም ሆነ መበስበስን የሚመክት እንጨት ስለሆነ። ዋንዛ ደግሞ በዘሩ «ጠንካራ» ይባላል፤ ሲመዘን ግን ከጥድና ከዝግባ ይቀላል እንጂ አይከብድም። አናጺ የሚወደውም ለመላጊያ የሚመች፣ ሲደርቅም ብዙ የማይጣመም በመሆኑ ነው። ወደ ውጭ አገር ብንሄድ በደቡብ አሜሪካ የሚበቅል ባልሳ የሚባል ዛፍ አለ፤ በዘሩ «ጠንካራ» ተብሎ የተመደበ ሲሆን እንጨቱ ግን እንደ ቡሽ ቀላል ነው። በአንጻሩ ስዊድንና ፊንላንድ ያለው ሕዝብ ለዘመናት ቤቱንም አልጋውንም የሠራው በአብዛኛው «ለስላሳ» ከሚባለው ወገን ነው፤ ዕቃውም ከአያት ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

እንግዲህ «ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ?» ብሎ ጠይቆ መመለስ ስም ጠይቆ መመለስ ነው። የሰው ጠባይ በስሙ እንደማይታወቅ ሁሉ የእንጨትም እንዲሁ ነው። በእኛ አስተያየት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፡- ደርቋል ወይ? ከልቡ ነው ወይስ ከነጩ? ከዕቃው በየትኛው ክፍል ይገባል? እያንዳንዱን በተራው እንመልከት።

1ኛ/ ደርቋል ወይ?

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከጠቅላላ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። ለቤት ዕቃ የሚሆን ጣውላ ግን ውኃው ከደረቁ እንጨት ክብደት ከመቶ 12 ገደማ እስኪሆን ድረስ መድረቅ አለበት። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ይህ ነው የሚባል አያጥርም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ዕቃው የሚበላሸውም በዚሁ ነው። እርጥብ ሆኖ የተሠራ ወንበር ሲደርቅ ከእግሩ ቀዳዳ ገብቶ የነበረው ምላስ ይቀጥናል፤ ኮላው ይለቃል፤ ወንበሩም መወዛወዝ ይጀምራል። የጠረጴዛው ላይ ይሰነጠቃል። የቁም ሣጥኑ በር አንድ ቀን ይገጥማል፤ በሌላው ቀን ይከፈታል።

ይህ በእኛ ከተማ ከሌላው ይብሳል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,285 ሜትር ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ጨንቻ ደግሞ ከእኛ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ብርዱና ጉሙ የታወቀ ነው። በደጋው የደረቀ ጣውላ የደረቀው ለደጋው አየር ነው። ወደ ቆላ ሲወርድ ገና የሚለቀው ውኃ አለው። ስለዚህ ከላይ የመጣ እንጨት በወረደበት ቀን ተቆርጦ ዕቃ ከተሠራበት፣ መኮማተሩን የሚጨርሰው እኛ ቤት ውስጥ ነው። ጣውላው እዚሁ አርባ ምንጭ ጥላ ሥር ተደርድሮ ሳምንታት ቢቆይ ግን የእኛን አየር ይለምዳል።

የዱሮ አናጺዎች በውጭ አገር ለያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ያደርቁ ነበር። በእኛ ሙቀት ጊዜው ያጥራል። ቢሆንም «ትናንት ተሰንጥቆ ዛሬ አልጋ» የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ በአንድ ጊዜ ማድረቅ እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ያጣምማል። ትክክለኛው መንገድ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በጣውላና በጣውላ መካከል ቀጫጭን እንጨት አጋድሞ አየር እንዲያልፍ ማድረግ፣ ከላይም ከዝናብና ከፀሐይ መከለል ነው። የጣውላውን ሁለት ጫፎች ቀለም መቀባትም ከጫፉ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል።

ገዢው በምን ያውቃል? እነሆ ቀላል መንገድ። አንድ ዓይነትና እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች አንስቶ ማመዛዘን ነው፤ የከበደው ውኃ ሳይኖርበት አይቀርም። በጣት አጥንት ሲመታ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን አንድ ቁራጭ ለምኖ ወደ ቤት ወስዶ፣ ወርዱን በማስመሪያ ለክቶ ጽፎ፣ ሁለት ሳምንት አቆይቶ እንደገና መለካት ነው። ወርዱ ከቀነሰ መልሱ ተገኘ ማለት ነው፤ ዕቃውን ከማዘዝ በፊት ጥቂት መታገሥ ይሻላል።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በአናጺው ላይ መጫን ደግ አይደለም። «ለሰርጉ ቀን ድረስልኝ» ብለን የምናጣድፈው እኛ ነን። ሳምንት ሰጥተነው የዓመት ሥራ የምንጠብቅ ከሆነ፣ እሱም ያለውን እርጥብ እንጨት በቫርኒሽ ሸፍኖ ከመስጠት በቀር ምን ምርጫ አለው?

2ኛ/ ከልቡ ነው ወይስ ከነጩ?

የዛፍ ግንድ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ መሐሉ ጠቆር ወይም ቀላ ይላል፤ ዙሪያው ነጣ ይላል። መሐሉ ልቡ ነው፤ ነፍሳት የማይወዱት ነገር ያለበትም እዚያ ነው። ነጩ ደግሞ የዛፉ ምግብና ውኃ የሚተላለፍበት ስለሆነ ለምስጥም ለነቀዝም ግብዣ ነው። የቱንም ያህል ስመ ጥር ዛፍ ቢሆን ነጩ ክፍል ያው ነጭ ነው። ጥድም ቢሆን፣ ዋንዛም ቢሆን። ለዚህ ነው ከወጣት ቀጭን ዛፍ የተሰነጠቀ ጣውላ ከአንጋፋው የሚያንሰው፤ ከልቡ ነጩ ይበዛበታል።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። እንጨቱን እንደ ዱቄት አድቅቆ መሬት ላይ የሚያራግፈው የነቀዝ ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው «ጠንካራ» ከሚባለው ወገን የሆነውን ነጭ ክፍል ነው፤ የሚፈልገው በውስጡ ያለውን ስታርች ነው። «ለስላሳ» የሚባሉትን እነ ጥድን ይህ ነቀዝ አይነካቸውም። «ጠንካራ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም» የሚለው ወሬ ትክክል አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ችግሩ ጥቁር ቫርኒሽ ሲቀባ ሁሉም ዋንዛ መምሰሉ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሳይቀባ ማየት ያስፈልጋል። «ሳይቀባ ልየው» ማለት አናጺውን መጠርጠር አይደለም፤ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ገልብጦ እንደሚያይ ማለት ነው።

3ኛ/ በየትኛው የዕቃው ክፍል ይገባል?

ይህን ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ ዶርዜ ቅርባችን ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የሚሠራ ሲሆን አዲስ ሲሆን ረጅም ነው። ቀርከሃ በሥነ ፍጥረቱ ዛፍ እንኳን አይደለም፤ የሣር ወገን ነው። በጊዜ ብዛት ምስጥና እርጥበት ከሥሩ ይበሉታል። ባለቤቱ ታዲያ ቤቱን አያፈርሰውም። የተበላውን ሥር ይቆርጠዋል፤ ቤቱም ዝቅ ይላል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያነሣዋል። እንዲህ እያለ ቤቱ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ የቤቱን ቁመት አይቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ጠላት የሚመጣው ከሥር ነው። የዶርዜ ሰው «ቀርከሃ ለስላሳ ነው» ብሎ አልናቀውም፤ «ጠንካራ ነው» ብሎም አልተኛም። የሚጎዳውን ክፍል ለይቶ ያውቃል። የእኛም ዕቃ እንዲሁ ነው። የወንበር እግር መሬት ይነካል፤ እርጥበት ያገኘዋል፤ ምስጥ በእሱ በኩል ይወጣል፤ ሸክሙም ሁሉ እሱ ላይ ነው። የወንበሩ ላይ ግን የሚያገኘው የሰው መቀመጫ ብቻ ነው። ታዲያ ለሁለቱ አንድ ዓይነት እንጨት ለምን ይታዘዛል? ከላይ እስከ ታች ከባድ እንጨት ማዘዝ ለማያስፈልግ ቦታ ገንዘብ ማውጣት ነው። ከላይ እስከ ታች ቀላሉን ማዘዝ ደግሞ እግሩን ለምስጥ መስጠት ነው።

ስለ የቤት ዕቃ ባጭሩ ብንዘረዝር፡-

ሀ/ አልጋ፡- እግሩና የጎኑ አግዳሚ ከጠንካራና ከልብ እንጨት ይሁን፤ ሰው የሚሸከመው እሱ ነው። ፍራሹ የሚያርፍበት ርብራብ ግን በደንብ የደረቀ ቀላል ጣውላ ቢሆን ይበቃዋል።

ለ/ ቁም ሣጥን፡- በሩና መደርደሪያው ቀላል ሲሆን ይመረጣል፤ ከባድ በር ማጠፊያውን ጎትቶ ይነቅላል። ማጠፊያው የሚታሰርበት ቋሚ ግን ብሎን አጥብቆ የሚይዝ እንጨት መሆን አለበት። ለስላሳ እንጨት ብሎን አይዝም ባይባልም ቶሎ ይለቃል።

ሐ/ ጠረጴዛ፡- ልጆች የሚጽፉበት፣ ድስት የሚቀመጥበት ስለሆነ በጣም ለስላሳ የሆነው ቶሎ ይሰረጉዳል። ለላዩ መካከለኛ የሆነው፣ ለምሳሌ ዋንዛ ወይም ግራቪሊያ፣ ይስማማዋል።

መ/ ቺፑድ፡- ዋጋው ቀላል ነው፤ ሲታይም ያምራል። ነገር ግን ውኃ ጠላቱ ነው። ወለሉን በውኃ የምናጥብ ሰዎች የቺፑድ ቁም ሣጥን እግር አልባ ሆኖ መሬት ላይ እንዲቀመጥ ከፈቀድን ከሥሩ አብጦ ይፈርሳል። ብሎኑም አንዴ ከተነቀለ በዚያው ቀዳዳ ሁለተኛ አይይዝም። የሚገዛው ካለ ከፍ ብሎ የሚቆምበት የእንጨት እግር ያሠራለት።

ስለ ደናችንም አንድ ነገር

ከሦስቱ ጥያቄዎች በተጨማሪ ሳንጠይቅ የምናልፈው አራተኛ አለ፤ «ከየት መጣ?» የሚለው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት ዛፎችን በስማቸው ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል የተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። እነሱም ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ናቸው። ልብ በሉ፤ ሁለቱ «ጠንካራ»፣ ሁለቱ «ለስላሳ» ናቸው። መጋዝ ሁለቱንም ወገን እኩል ጨርሷቸዋል። ያ አዋጅ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ተተክቶ የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ላይ ደርሰናል፤ ዛፎቹ ግን ገና አላገገሙም።

እኛ አርባ ምንጮች ደግሞ ይህ ከማንም ይልቅ ይመለከተናል። የከተማችን ስም የመጣው ከታች ካለው ደን ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ደኑ ከሳሳ ምንጩን የሚጠብቅለት የለም። በሌሊት ወጥቶ ያለ ደረሰኝ በርካሽ የሚሸጥ ጣውላ ለገዢው የረከሰ ይመስላል እንጂ ዋጋውን ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚከፍለው። ዋንዛ አትግዙ ማለታችን አይደለም። በእኛ አካባቢ ገበሬው ዋንዛን በጓሮው፣ ለቡናውም ጥላ እያለ ያሳድጋል፤ ከእሱ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ዋንዛ የተባረከ ነው። የምንለው ይጠየቅ፣ ደረሰኝም ይኑረው ነው።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ሐሳባችን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የወንበሮቹና የጠረጴዛዎቹ እግር ከአንጋፋ ባሕር ዛፍ ልብ ይሠራ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ የተስፋፋ፣ ተተክሎ የሚቆረጥ እንጂ ከተፈጥሮ ደን የሚሰረቅ አይደለም። ከባድና ብርቱ ነው። ጠባዩ አስቸጋሪ መሆኑን እናውቃለን፤ ካልታገሡት ይሰነጠቃል፤ ይጣመማል። ለአጭር እግር ሲሆን ግን ይህ ጠባዩ ብዙ አይጎዳም፤ የተጣመመውን ለይቶ መጣልም ይቀላል።

ሁለተኛ፣ የወንበሮቹ ላይ ከፈረንጅ ጥድ ይሁን። ቀላል ነው፤ ለመላጊያ ይመቻል፤ ይህም ተተክሎ የሚገኝ ነው። ዓይን የበዛበት ጣውላ ግን አይወሰድ፤ በዓይኑ በኩል ይሰበራልና። እነዚህን ወንበሮች ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት የሚሸከሙት ወጣቶቻችንና እናቶቻችን መሆናቸውን አንርሳ። ከላይ እስከ ታች ባሕር ዛፍ የሆነ አግዳሚ ወንበር ለአራት ሰው ሸክም ነው።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይመታበት። ድንኳን ሥር ያለው መሬት እርጥብ ነው፤ እንጨቱ መሬት በቀጥታ እንዳይነካ ያደርጋል።

አራተኛና ዋናው፣ መዋጮው እስኪሞላ ቁጭ ብለን አንጠብቅ። በእጃችን ባለው ገንዘብ ጣውላውን አሁን እንግዛና በማኅበሩ መጋዘን ጥላ ሥር ደርድረን እናድርቀው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይጠቅመናል። መዋጮው ሲሞላ የአናጺውን ዋጋ ከፍለን በደረቅ እንጨት እናሠራለን። የገንዘቡ መዘግየት ለእንጨቱ ጊዜ ሰጠው ማለት ነው።

«ብረት ይሁን» የሚሉ አባላት እንዳሉም ሰምተናል። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። የብረት እግር ምስጥ አይበላውም፤ ሲሰበርም ይበየዳል። ነገር ግን ካልተቀባ ይዝጋል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለም ያቃጥላል፤ ዋጋውም ተጠይቆ ከእንጨቱ ጋር ይነጻጸር። ለእግር ብረት፣ ለላይ ጣውላ ይሁን ቢባል ከእኛ ሐሳብ ጋር አይጣላም። ለእግሩ ጠንካራ፣ ለላዩ ቀላል ነው ያልነው። የፕላስቲክ ወንበርም ለመሸከም ይቀላል፤ አንዴ ከተሰነጠቀ ግን ጠጋኝ የለውም፤ እንጨት ግን ልጃችንም መዶሻ ይዞ ያድነዋል።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለወንበር?» የሚለን አይጠፋ ይሆናል። አዎን፣ ለወንበር። ማናችንም ብንሆን በሕይወታችን ከባዱን ቀን የምናሳልፈው በነዚሁ ወንበሮች ላይ ተቀምጠን ነው። አዛውንት እናት ሐዘን ላይ ተቀምጠው ወንበሩ ከሥራቸው ሲወላገድ ማየት ለማኅበሩ ነውር ነው። የጋሞ ሽማግሌዎች በዱቡሻ ተቀምጠው ነገርን በጥሞና እንደሚያበስሉ ሁሉ፣ እኛም በስብሰባው ላይ ስም ሳንከራከር «ደርቋል? ልብ ነው? የት ይገባል? ከየት መጣ?» እያልን እንምከር።

ከዚህ የተለየ አስተያየት ያለው ነዋሪ፣ በተለይም በእንጨት ሥራ የሚተዳደሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በጽሑፍም ሆነ በቃል ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲያቀርቡ በአክብሮት እናሳስባለን። በሚቀጥለው ጽሑፋችን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣዋለን።